ማንም የማያያቸው ዓሦች

የቀጮ አጎት ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኮ ጆሮውን የኮምፒውተሩ ሳጥን ላይ ለጥፏል። ማራገቢያው ይጮኻል፤ መውጫ ያጣ ትልቅ ዝንብ ሳጥኑ ውስጥ የገባ ይመስላል። እማዬ ከኋላው ቆማ የመስኮቱን መጋረጃ በእጇ ሰብስባ ይዛለች። መጋረጃው ከሳጥኑ አጠገብ ስለሚወርድ አሁን ይቀጣጠላል ብላ ፈርታ ከሥራ ከገባች ጀምሮ አልለቀቀችውም።

ቀጮ በሩን ተደግፋ ታያለች። ቀጮ ያሏት በቅጥነቷ ነው፤ እያደገች ስትሄድ ይተዋታል ሲባል እሷ ወደ ላይ ብቻ ስለረዘመች ስሙ አሥራ አራት ዓመቷም ላይ አብሯት አለ።

«ማንም አልነካውም?» አለ አጎቷ ከጠረጴዛው ሥር።

ማንም እንዳልነካው እማዬ ነገረችው። ስትገባ ሞኒተሩ ጠፍቶ፣ ሳጥኑ እንዲህ እየጮኸ እንዳገኘችው፣ ከሰሞኑም ማታ ማታ እንደዚሁ እንደነበረ፣ ሳጥኑን በእጇ ብትነካው እንደ ብረት ምጣድ እንዳቃጠላት በአንድ ትንፋሽ ተናገረች።

አጎቷ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና የሞኒተሩን ቁልፍ ተጫነ። ሞኒተሩ አሮጌ ነው፤ ብርሃን እስኪሰጥ ያዛጋል። በዚህ ቤት ማንም እሱ እስኪበራ እጁን አጣጥፎ አይጠብቅም፤ ሁሉም ማውሱን ወዲያ ወዲህ ይንጣል። አጎቷም ናጠው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ዝንብ ቀስ በቀስ ደከመው። ምስሉ ሲመጣ ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር።

«ይኼ ነገር ሰው ያፍራል እንዴ?» አለ አጎቷ።

አጎቷ የእማዬ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው ኮምፒውተር መጠገን ነው። ይህንንም ማሽን ከጣሉት ቢሮ ለምኖ አምጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ጭኖበት ለእህቱ የሰጣት እሱ ነው። እማዬ የቆዩ ፎቶዎችን ታድሳለች። የተቀደደውን ትሰፋለች፣ የደበዘዘውን ፊት ትመልሳለች፣ ሻጋታ የበላውን ጥግ ትሞላለች። ጠዋት ጠዋት እቤት ትሠራና ቀጮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሷ ወደምትሠራበት ፎቶ ቤት ትሄዳለች። ስትሄድ ማሽኑን አታጠፋውም። ጠዋት የሠራችውን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ እንዲገለብጥ ታዝዘውና፣ ሞኒተሩን እንደበራ ትታው ትወጣለች። አንዱ ዲስክ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ሁለቱም ቢቃጠሉስ የሚለው ሐሳብ ግን መንገድ ላይ ሁልጊዜ ያገኛታል።

አጎቷ ጥቁር መስኮት ከፍቶ ትእዛዝ ጻፈ። ቁጥሮች ወረዱ፤ እያንዳንዱ ክፍል ባለፉት ጥቂት ደቂቃዎች ከመቶ ስንት እንደሠራ ይናገራሉ። አንዱን በጣቱ እያሳየ ዋናው አንጎሉ ይኼ ነው አለ፤ ተኝቷል። ሌላውን አሳየ፤ ይኼ ምስል የሚስልበት ክፍል ነው፣ ግራፊክስ ካርዱ። እሱ መቶ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው እያዩት ቁልቁል ይወርድ ነበር። ሰማንያ፣ ስልሳ፣ ሠላሳ። መጨረሻ ላይ እሱም ተኛ።

«ፋይል መገልበጥ ግራፊክስ ካርዱን አይነካውም። እና ማንም ሳያየው ምንድነው ሲስል የዋለው? እኔ የማውቃቸው ሠራተኞች አለቃ ሲመጣ ነው የሚሯሯጡት። ይኼ አለቃ ሲመጣ ነው የሚያርፈው።»

ከጥጉ ወንበር ላይ ሳል የመሰለ አጭር ሳቅ ተሰማ። አያቷ ናቸው። ኮምፒውተሩ ያለው በእሳቸው ክፍል ነው፤ ሌላ ጠረጴዛ የሚይዝ ቦታ ቤቱ ውስጥ የለም። ዕድሜ ልካቸውን የውሃ ቧንቧ ሲገጥሙ ኖረው አሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸዋል። ሰው በድምፁ፣ ሰዓቱን በመስኮቱ ሙቀት ይለያሉ።

እማዬ አልሳቀችም። ወንድሟ የኢንተርኔት አሳሹን ዘጋ፣ የመስኮቶቹን ማስዋቢያ አጠፋ፣ ማሽኑን አጥፍቶ አስነሣ። ምንም አልተገኘም። እሱ ፊት ቁጭ ብሎ ሲነካካው ማሽኑ እንደ ጨዋ ልጅ ነው። ምናልባት የካርዱ ሾፌር፣ ማለት ካርዱን የሚነዳው ፕሮግራም፣ ተበላሽቶ ይሆናል አለ። ምናልባትም ሌላ ሰው በኢንተርኔት ገብቶ በዝምታ እየተጠቀመበት ይሆናል፤ እንዲህ የሚያደርጉ ሌቦች አሉ። ይህን በማለቱ ወዲያው ተጸጸተ፤ እህቱ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። የሰው ፎቶ አደራ አለባት። አሁን የያዘችው ከመሃል የተቀደደ የሠርግ ፎቶ ነው፤ የፎቶው ባለቤት የሆነችው አሮጊት ሌላ የላትም።

«ሰው ሲነካው የሚተወውን ነገር ሳልነካው ማየት አለብኝ» አለ አጎቷ። ነገ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፤ ሳሎን ቁጭ ብሎ ከዚያ ማሽን ወደዚህ ማሽን ይገባና ማውሱ ሳይነካ፣ ሞኒተሩ ሳይበራ፣ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ያያል።

ቀጮ በዚያን ጊዜ ነው የገባት። ሰው ሲነካው የሚተው፣ ሰው ሲርቀው የሚጀምር። ጀርባዋን ከበሩ አላቀቀች። ዓሦቹ ናቸው።

*

ማጀት ውስጥ ቀጮ ብርጭቆ ታጥባለች፣ እማዬ ለወንድሟ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ዝቅ ያለው ድምፅ ግን ሁልጊዜ የበለጠ ይሰማል።

እማዬ የፈራችው ሌባውን አልነበረም። አባቷን ነው። በርቶ የተወችውን ሞኒተር ማታ ማታ ጠፍቶ ነው የምታገኘው። ማን አጠፋው ስትላቸው እኔ ነኝ ይላሉ። ለምን ስትላቸው ዓይኔን አመመኝ ይላሉ። መገልበጡን በሚያሳየው ግራጫ ገጽ ላይ ምን ዓይን የሚያም ነገር አለ? ያንን ቁልፍ የነካ እጅ ሌላውንስ ላለመንካቱ ማን ዋስ ይሆናል?

«እሱ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር» አለች። «የካፒቴኑን ነገር አልሰማህም?»

ቀጮ ቧንቧውን ቀነስ አደረገችው።

ካፒቴኑ ቀጮ ለአያቷ የምታነብላቸው ወፍራም ልቦለድ ውስጥ ያለ ሰው ነው። የጠፋ ወንድሙን ፍለጋ መርከብ ይዞ ይወጣል። መጽሐፉን አያቷ ናቸው ድሮ ለእማዬ የገዙላት፣ ገና ተማሪ ሳለች። ከሰዓት ከሰዓት ቀጮ ከጎናቸው ተቀምጣ ታነባለች፤ የእሷ የቤት ሥራ ድርሻ ይኸው ነው። በዚያ ሰዓት ሳህን አታጥብም፣ ገበያ አትላክም፤ እማዬ እስክትመጣ አያቷ ዘንድ ቁጭ ብላ ታነብላቸዋለች። እራት ላይ እማዬ ካፒቴኑ ዛሬ የት ደረሰ ብላ ትጠይቃለች፣ አያቷም ይተርካሉ።

«አግብቷል አሉኝ» አለች እማዬ። «የወደብ ዳቦ ጋጋሪ ሴት አገባ አሉኝ። ከዚያ ታሰረ። ከዚያ በቀቀን ገዛ፣ በቀቀኑ መርከቡን መንዳት ለመደ። መጀመሪያ ስቄ ነበር። እኔ እኮ መጽሐፉን ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ሰውየው እስከ መጨረሻው ብቻውን ነው። በቀቀን የለም። ልጅቷ እያነበበችላቸው እሳቸው ሌላ ነው የሚሰሙት።»

አጎቷ እሳቸው ድሮም ቀልደኛ ናቸው አለ። እማዬ ይኼ ቀልድ አይደለም አለችው። የአንዲት ጎረቤት እናትም እንዲሁ በትንሽ ነገር ነበር መዘንጋቱ የጀመራት፤ በኋላ ምድጃ ለኩሳ ረስታ ግማሽ ቤት ነደደ። እዚያ ክፍል ውስጥ የሚግል ማሽን አለ፣ መጋረጃ አለ፣ ዓይናቸው አያይም። ከእሷም ከወንድሟም ከምትበልጠው ከትልቋ እህት ጋር ተነጋግራለች። እዚያ ቤት ሰው አይታጣም። ቅዳሜ ትልቋ መጥታ ብትወስዳቸው ይሻላል።

ትልቋ ያለችበት ከተማ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል።

ቀጮ እጇ ላይ ያለውን ብርጭቆ ሁለቴ አጠበችው። ወደ እማዬ ዘወር ብላ አንዲት ነገር ብቻ ብትናገር ሁሉም ይፈታ ነበር። ግን አንዲቷ ነገር ብቻዋን አትመጣም። ዓሦቹን ማን አደረጋቸው? እኔ። ለምን? አባባ እንዲያዩዋቸው። አንቺስ የት ነበርሽ?

*

ጓደኛዋ ያለችው ከመንገዱ ማዶ ነው። ከሰዓት ከክፍላቸው ሦስት አራት ሴቶች እዚያ ይሰበሰባሉ። የሚሠሩት ቁም ነገር የለም። ፀጉር ይሠራራሉ፣ ዳንስ ይቀርጻሉ፣ ተንጋለው ይስቃሉ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሲገናኙ ደግሞ ትናንት የሳቁበትን እየጠሩ እንደገና ይስቃሉ፤ ቀጮ ደግሞ ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባት አብራ ጥርሷን ታሳያለች። «አንቺ እኮ ሞግዚት ነሽ» አለቻት አንዷ አንድ ቀን፣ በክፋት አልነበረም።

ዓሦቹን ያገኘችው ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው። ማሽኑን ለተወሰነ ጊዜ ማንም ካልነካው ራሱ የሚጀምር፣ ማውሱ ሲነቃነቅ የሚጠፋ የዓሣ ገንዳ። ስክሪን ሴቨር ነው። ብርቱካንማና ቢጫ ዓሦች፣ ከሥር የሚወጣ የአየር አረፋ፣ በውሃው ላይ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን፤ እውነተኛ ይመስላል። ከምርጫዎቹ ሁሉ ለማሽኑ ከባዱ እሱ እንደሆነ አላወቀችም፤ ቆንጆ ስለሆነ መረጠችው።

«አባባ፣ ይኸው ዓሦች መጡልዎ» አለቻቸው። «እነሱን እያዩ ይቆዩ፤ አንድ ጊዜ ማዶ ደርሼ ልመለስ።»

ሄጂ አሏት። የዚያን ዕለት ቶሎ ተመለሰች። በማግስቱ ትንሽ ቆየች። በኋላ እማዬ እንደወጣች ትወጣ ጀመር፤ እማዬ ልትገባ ስትል እየሮጠች ትመለሳለች። ሞኒተሩ ጀርባውን ለበሩ ስለሰጠ፣ ከበሩ ላይ ሆና «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ስትል የሚታያት የእሳቸው ፊት ብቻ ነው። ደህና ነኝ ይሏታል። የማራገቢያውን ድምፅ ትሰማው ነበር፤ አሮጌ ማሽን ይጮኻል ብላ አለፈችው።

በመጀመሪያው ቀን እራት ላይ እማዬ ስትጠይቅ ቀጮ ጨው ፍለጋ ልትነሣ ነበር። አያቷ ግን ማንኪያቸውን ሳህኑ ላይ አሳርፈው፣ ካፒቴኑ ዛሬ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ አንዲት ሴት አየ ብለው ጀመሩ። ቀጮ ተረፍኩ አለች በልቧ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ካፒቴኑን አያቷ ነዱት። ቀጮ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። አንዳንዴ በቀቀኑ ሲያስቃት፣ ያደረገችው ትዝ ይላትና ሳቋ መሃል ላይ ይቆማል።

*

አጎቷ መጥቶ በሄደ በማግስቱ እማዬ ስትወጣ አባቷን አደራ ብላቸው ነበር፦ ኮምፒውተሩ አጠገብ እንዳይደርሱ፣ ሞኒተሩም ጠፍቶ እንዲውል። ወንበራቸውንም ወደ አልጋው አስጠግታዋለች። ቀጮ በሩ እስኪዘጋ ጠብቃ ሞኒተሩን አበራችው። ቅንብሩን ከፍታ የዓሣ ገንዳውን አጠፋችው፤ በቦታው ምንም የማይንቀሳቀስ ባዶ ጥቁር አደረገች። ሞኒተሩንም መልሳ አጠፋችው። ስትቻኮል አንዴ ሌላ ነገር ተጫነችና መለሰችው። አለቀ። አጎቷ ሲመጣ ማሽኑ ድኖ ይጠብቀዋል። ማንም ምንም አይጠይቅም። እሷም ሁለተኛ አትወጣም።

ጓደኛዋ ከማዶ በስልክ ጠራቻት፤ አልመጣም ብላ ጻፈች። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደች፣ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች። አያቷ አቧራ ሲጠረግ ድምፁን ያውቁታል።

«ዛሬ አለሽ እንዴ፣ አንባቢዬ?» አሏት። ወቀሳ የለበትም። ያ ነው የባሰባት።

«ሞኒተሩን ለምንድነው የሚያጠፉት፣ አባባ?»

«ያንገበግበኛላ። ዓሣ ነው ያልሽው? እኔ የሚታየኝ ቢጫ ነገር ሲተራመስ ነው። ደግሞ ዓሣ አይናገርም።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

አያቷ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። «በሩን ዘግተሽ ስትወጪ እያንጎራጎርሽ ነበር የምትወርጂው። ደረጃው ላይ ይሰማኛል። ምን ልበል?»

ቀጮ መጽሐፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሽፋኑን ትጭረዋለች። ያን ሁሉ ከሰዓት እሳቸው በጨለማ ተቀምጠው ነበር። ማሽኑ ደግሞ ከጎናቸው፣ በጠፋ ሞኒተር ጀርባ፣ ማንም ለማያያቸው ዓሦች ክንፍ ሲስል፣ አረፋ ሲስል፣ እስኪግል ሲለፋ ይውል ነበር። ያንን ጩኸት ነው ሲሰሙ የዋሉት።

«ካፒቴኑን ግን ለምን ዳሩት?» አለች መጨረሻ ላይ፣ ሌላ የምትለው ስላጣች።

«አሳዘነኝ። ባጋባው ማንን እጎዳለሁ ብዬ ነው» አሉ። ወዲያው ፊታቸው ትንሽ ወደቀ። «እናትሽ መጽሐፉን ማንበቧን ረሳሁት። ሌላውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ ይቺን ረሳሁ። አሁን ተመልሼ ዋሸሁ ብላት አንቺን ነው የማጋልጠው። ተይው፤ ትልቋ ጋም ቤቱ ሰፊ ነው።»

ታዲያ ሰምተዋል። ማጀት ውስጥ የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል።

ልታነብላቸው መጽሐፉን ገለጠች። ከምልክቱ ጀምራ አንድ ገጽ አነበበች፣ ግን ድምጿ እንደ ራሷ አልሆነላትም። አያቷም ደክሞኛል አሏት፤ እንዳልደከማቸው ሁለቱም ያውቃሉ።

*

ማታ አጎቷ ላፕቶፑን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጠበቀ። ማንም ወደ ክፍሉ እንዳይገባ አዘዘ። ጠበቁ። ቁጥሮቹ ተኝተዋል። ሻይ ተጠጣ። አሁንም ተኝተዋል። እማዬ በጣቶቿ ጠረጴዛውን ትመታለች፤ ቀጮ የሶፋውን ክር ትመዛለች።

«የለም» አለ አጎቷ። «ዝም ብሏል። ትናንት ምን አድርጌ እንደሆነ እንጃ፤ ድኗል።»

ቀጮ ክሩን ለቀቀችው።

«አንተ አይደለህም ያዳንከው» አለች እማዬ። ድምጿ ውስጥ ምንም ደስታ አልነበረም። «ዛሬ ወንበራቸውን አራቅኩት። አትንኩ ብዬ አደራ አልኳቸው። ይኸው፣ ሳይነኩት ሲውሉ ዝም አለ። ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ?»

አጎቷ ላፕቶፑን መልሶ አየ። ቁጥሮቹ እሷ ያለችውን ነው የሚሉት። ቀስ ብሎ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እማዬም ስልኳን አንሥታ ለትልቋ ደወለች። አዎ፣ ቅዳሜ። አይ፣ አይከራከሩም፤ እሺ ብለዋል። ብርድ ልብሳቸውን አብራ ትልካለች። ከዚያ የእህቷን ሰማችና ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «እኔም እኮ ፈልጌ አይደለም» አለች። «አንድ ቀን መጥቼ ተቃጥለው ባገኛቸውስ?»

ቀጮ ተነሣች። ራሷ ያጠፋችው ነገር፣ እንዳይያዝባት ብላ በገዛ እጇ ያጸዳችው ነገር፣ አሁን የአያቷ ጥፋት ሆኖ ተቀምጧል። ካልተናገረች በስተቀር ማንም ሊያነሣው አይችልም። ብትናገርም እማዬ ታምናት ይሆን? አያቷን ለማዳን የፈጠረችው ነው ትል ይሆናል። ካላዩት አያምኑም። አጎቷ ራሱ ትናንት ያለው ይኼንኑ ነው፤ ሳልነካው ማየት አለብኝ።

ወደ ክፍሉ ገባች። አያቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ካልሲ ያጣምራሉ፤ አንዱን ከአንዱ በጣታቸው እየዳበሱ። ከጎናቸው ትንሽ ቦርሳ አፏን ከፍታለች።

ሞኒተሩን አበራችና እስኪበራ ማውሱን ሳትንጥ ጠበቀችው። ቅንብሩን ከፈተች። ከዝርዝሩ ውስጥ የዓሣ ገንዳውን መልሳ መረጠች። የሚጀምርበትን ጊዜ ማሳጠር ትችል ነበር፤ እንደነበረው አሥር ደቂቃ ላይ ተወችው። ከዚያ ሞኒተሩን ወደ በሩ አዞረችው።

«እማዬ» ብላ ተጣራች። «አጎቴ። እዚህ ኑ። ላፕቶፑንም ያዘው።»

እማዬ ስልኩን እንደያዘች መጣች፤ ምን ሆንሽ፣ ምን ሸተተሽ እያለች መጀመሪያ መጋረጃውን ያዘች። ቀጮ ምንም አልሸተተኝም አለቻት።

«ማውሱን ማንም እንዳይነካው» አለች። «ትንሽ እንጠብቅ።»

«ምኑን ነው የምንጠብቀው? እራት እየቀዘቀዘ ነው እኮ።»

አጎቷ ቀጮን አየ፣ ከዚያ ማሽኑን፣ ከዚያ መልሶ ቀጮን። «ቁጭ በዪ፣ እቴቴ» አላት እህቱን። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት ተቀመጠ።

አሥር ደቂቃ እንደዚህ ይረዝማል ብላ አላሰበችም። ማውሱ ከቀኝ እጇ አንድ ስንዝር ነው። ጣቷን ጫን ብታደርግበት ጥበቃው ሁሉ እንደገና ይጀምራል፤ ተሳስቻለሁ ብላ መሳቅ ትችላለች፣ እራት መብላት ትችላለች። ሁለቱንም እጆቿን ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው። እማዬ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ካልሲው የአያቷ እጅ ላይ ቆሟል።

«አንባቢዬ» አሉ አያቷ ቀስ ብለው። «ተይው ብዬሽ አልነበር?»

አልተወችውም።

ሞኒተሩ አንዴ ጠቆረ። ከጥጉ አንድ ብርቱካንማ ዓሣ ወጣ፤ ተከትሎት ሌላ፣ ከዚያ አረፋው፣ ከዚያ ያ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን። ከጠረጴዛው ሥር ዝንቡ ነቃ። መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በኋላ ጮኸ። አጎቷ ላፕቶፑ ላይ ቁጥሮቹ ሽቅብ ሲሮጡ እያየ «አሃ» ብቻ አለ፤ እንደ ሁልጊዜው አልቀለደም። እማዬ የዓሦቹን ቀለም ፊቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። መጋረጃውን ለቅቃዋለች።

«ይኼን ማን አደረገው?» አለች።

ቀጮ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አነሣች። ለምልክት ያስገባችው የአውቶቡስ ቲኬት ጫፍ ከመጀመሪያዎቹ ገጾች መካከል ወጥቶ ይታያል፤ ከእሱ በኋላ ያለው የመጽሐፉ ውፍረት ሁሉ ገና አልተነካም። ቲኬቱ ያለበትን ገልጣ በእማዬ እጅ ላይ አደረገችው።

«ካፒቴኑ አላገባም፣ እማዬ» አለች። «አባባ አውቀው ነው የፈጠሩት። መርከቡ ገና ከወደብ አልወጣም።»

እማዬ ገጹን አየች፣ አባቷን አየች፣ ልጇን አየች። ምን እንደምትል ገና አልታወቀም። ቀጮም እስኪታወቅ አልጠበቀችም። ከማራገቢያው በላይ እንድትሰማ ድምጿን ከፍ አደረገችና ማዶ የሄደችበትን የመጀመሪያ ቀን መናገር ጀመረች።